ሞዴል 19ኙ የት ገባ? ስለ ሰፈራችን መጋዘን ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ጽሑፉን ያነበብኩት ዕድር ቤት ውስጥ ነው። መነጽር የረሱም ስልክ የሌላቸውም ስለነበሩ ጮክ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው። በመጀመሪያው ሳቁ፣ በሁለተኛው ዝም አሉ። ከዚያ አንዲት እናት «አንተ ጸሐፊ አይደለህ? ጻፍላቸው እንጂ» አሉኝ። የዕድር ጸሐፊነት የወርኃዊ መዋጮ መመዝገብ እንጂ ለጋዜጠኛ መልስ መስጠት አልነበረም፤ ግን እሺ።

የጽሑፉ ጸሐፊ የሚሉት ባጭሩ ይህን ነው። መሀል አዲስ አበባ፣ ከአሮጌው የባቡር ሐዲድ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ ነዋሪዎች «ከአጥራችን ጎን ያለው አሮጌ መጋዘን የፀረ-ተባይ መርዝ አፈራችንን በክሎታል» ብለው አቤቱታ ይዘው ይዞራሉ። ይሁን እንጂ ኬሚካሉ ጊዜው ያለፈበት ስለሆነ ኃይል የለውም፤ በርሜሎቹም ድሮ ተነሥተዋል፤ ነዋሪው የሚጠጣው የቧንቧ ውኃ ነው፤ ራሱም ዲዲቲ ሲነፋ የኖረ ሕዝብ ነው፤ ማስረጃ የለውም፤ ሰፈሩ ሊፈርስ ስለሆነ ነገሩ በልማቱ ይዘጋል፤ የጩኸቱም ምክንያት ካሳ ነው።

ከመመለሴ በፊት ሁለት ነገር ልናገር። አንደኛ፣ ኬሚስት አይደለሁም፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በሌላ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል የግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ሁለተኛ፣ የሰፈሬን ስም እዚህ አልጽፍም። ጸሐፊው ይህንን «መደበቅ» ብለውታል። ግቢያችን ውስጥ እንጀራ ጋግራ ለሆቴል የምታስረክብ ጎረቤት አለችኝ። የሰፈሩ ስም ከመርዝ ጋር አብሮ በተጠራ ማግስት እንጀራዋን የሚቀበላት የለም። ልጆቿን የምታስተምረው በዚያ ምጣድ ነው። መደበቅ ከተባለ ይባል።

አሁን ወደ ነገሩ። «ጊዜው ያለፈበት መርዝ ኃይል የለውም» የሚለው የጽሑፉ ምሰሶ ስለሆነ እሱ ላይ እቆያለሁ። አባባሉ ለጆሮ ይጥማል፤ ጊዜው ያለፈ መድኃኒት አያድንም፣ ጊዜው ያለፈ እርሾ አያቦካም። ግን በጥቅሉ ላይ የሚታተመው ቀን ለገበሬው የተሰጠ ቃል ነው፤ እስከዚህ ቀን ድረስ ተባዩን ይገድልልሃል ይላል። ከዚያ በኋላ ሰውን አይጎዳም የሚል ቃል የለበትም።

እንዲያውም አንዳንዱ ሲቆይ ይብሳል። ማላታይን የምንለው ፀረ-ተባይ፣ በትክክለኛ ስሙ ማላታዮን፣ ለዚህ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በፓኪስታን የወባ መከላከል ዘመቻ ላይ ተሰማርተው ከነበሩ 7,500 ያህል ሠራተኞች 2,800 የሚገመቱት ተመረዙ፤ ቢያንስ 5ቱ ሞቱ። ሲጣራ አንዳንዶቹ ምርቶች በክምችት ላይ ሳሉ ከውስጣቸው ኢሶማላታዮን የሚባል ሌላ ኬሚካል ተፈጥሮ ተገኘ። ይህ ኬሚካል ራሱ መርዝ ከመሆኑ በላይ ሰውነታችን ማላታዮንን የሚያከሽፍበትን ኢንዛይም ያግዳል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በበጋ ፀሐይ፣ ለዓመታት የተቀመጠ በርሜል ውስጥ ምን እንደተፈጠረ ሳይመረመር «አልፎበታል» ማለት ድፍረት ነው።

ዲዲቲ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። አፈር ውስጥ ከገባው ግማሹ ለመለወጥ ብቻ ከ2 እስከ 15 ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ተለወጠ ሲባልም ጠፋ ማለት አይደለም፤ ዲዲኢ ወደሚባል፣ እሱም አልበሰብስ ባይ ወደሆነ ነገር ይዞራል። ስብ ስለሚወድ በእንቁላል፣ በወተት፣ በእናት ጡት ውስጥ ይከማቻል። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በተደረጉ ጥናቶች በእናቶች ጡት ወተት ውስጥ ተገኝቷል። የስቶክሆልም ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2001 የተፈረመውም ለዚህ ዓይነቱ አልጠፋ ባይ ኬሚካል ነው፤ አገራችንም በጥር 1995 ዓ.ም. አጽድቃዋለች። ኬሚካሉ በቀን መቁጠሪያ የሚሞት ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ አገር ስምምነት ላይ ምን አስቀመጠው?

አንድ ነገር ግን ለጸሐፊው እሰጣለሁ። «ሽታው ጠፍቷል» ያሉት እውነት ነው፤ ድሮ በክረምት ይከረፋን የነበረው ዛሬ እምብዛም አይሸትም። ዲዲቲ ግን መጀመሪያውኑም ይህን ያህል የሚሸት ነገር አይደለም።

«በርሜሎቹ ተነሥተዋል» ለሚለው። አንዳንዶቹ ተነሥተዋል፣ አይተናል። አገሪቱ ጊዜ ያለፈበት ፀረ-ተባይ ከየመጋዘኑ አሰባስባ ከ1,000 ቶን በላይ በመርከብ ወደ ፊንላንድ ልካ ማስቃጠሏም የታወቀ ነው፤ ሥራው ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ድጋፍ የተካሄደ ነው። ያን ያህል መንገድ የተሄደው ይህ ነገር እንደ ቆሻሻ ሜዳ ላይ ስለማይቃጠል ነው። ክሎሪን የበዛበትን መርዝ በአግባቡ ለማቃጠል 1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ሙቀት ያለው ምድጃ ያስፈልጋል። እኛ የምንለው ሌላ ነው። በርሜሉ ሲነሣ ከሥሩ የፈሰሰው አብሮ ተነሥቷል ወይ? የመጋዘኑ ወለል ሲሚንቶ ያለው በከፊል ነው፤ የኋለኛው ክፍል አፈር ነው። ይህንን የምናውቀው በልጅነታችን አጥሩን ተሻግረን ኳስ ለማምጣት ስለገባን ነው። (ያኔ ያባርሩን የነበሩት ዘበኛ አምላክ ያክብራቸው፤ ክፉ የመሰሉን ደጉ ሰው እሳቸው ነበሩ።)

የሕንዷን ቦፓል ሁሉም የሚያውቃት እ.ኤ.አ. በ1984 ከፀረ-ተባይ ፋብሪካው ባመለጠው ጋዝ ነው። በዚያው ግቢ ተከማችቶ የቀረው 337 ቶን ቆሻሻ ግን ተጭኖ የወጣው እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ነው፤ ከ40 ዓመት በኋላ። የአካባቢው ነዋሪ ዛሬም ጥያቄው ስለ አፈሩና ስለ ከርሰ ምድር ውኃው ነው። የዕቃው መውጣት የመሬቱን ጥያቄ አልዘጋውም።

የቧንቧ ውኃን በተመለከተ ጸሐፊው ከለገዳዲ የሚመጣ ውኃ ከመጋዘኑ ጋር አይገናኝም ይላሉ። ግድቡ ላይ አይገናኝም፣ ትክክል። ጸሐፊው ግን ፈረቃ የሌለበት ሰፈር የሚኖሩ ይመስለኛል። እኛ ዘንድ ውኃ በሳምንት የተወሰነ ቀን ነው የሚመጣ። ውኃው ሲቋረጥ በመስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይወርዳል፤ ቱቦው አርጅቶ ከተሰነጠቀ በዙሪያው ያለውን እርጥበት ወደ ውስጥ ይስባል። የመጀመሪያው ውኃ ደፍርሶ የሚመጣው በከንቱ አይደለም። የእኛ መስመር ደግሞ የሚያልፈው በመጋዘኑ አጥር ሥር ነው። ይህ በምርመራ የሚረጋገጥ ወይም የሚወድቅ ነገር ነው፤ እኛም እንዲመረመር ነው የጠየቅነው።

ለነገሩ መርዝ የሚገባው በውኃ ብቻ ነው ያለው ማን ነው? ልጆቻችን ብይ የሚጫወቱት በዚያ አፈር ላይ ነው። ብይ ተጫውቶ የሚያውቅ ሰው እጁ የት የት እንደሚገባ ያውቃል፤ ጉድጓድ ይማሳል፣ አቧራ ይጠረጋል፣ ከዚያ በዚያው እጅ ቆሎ ይበላል። ለበዓል የምናሳድጋቸው ዶሮዎች የሚጭሩት እዚያው ነው፤ ዶሮ ደግሞ አፈር ውስጥ ያለውን ዲዲቲ ወደ እንቁላሏ ታሻግራለች። ክረምት ሲገባ ጎርፉ የመጋዘኑን ጓሮ አጥቦ በሦስት ግቢ ውስጥ ያልፋል፤ ከዚያ ወደ ወንዙ፣ ከወንዙ ወደ አቃቂ። በዚያ ውኃ ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙ አሉ፤ ገበያቸውም ይህችው ከተማ ናት። ጸሐፊውም ሰላጣ ይበሉ ይሆናል።

«ራሳቸው ዲዲቲ ሲነፉ ኖረው» የሚለው አስቆኛል፤ ምክንያቱም ነፍተናል። ትኋን አላስተኛ ሲለን ፍራሽ ላይ ነስንሰን፣ መስኮት ዘግተን፣ ማታ እዚያው ላይ ተኝተናል። ማን ከለከለን? በጣሳ እየተሰፈረ ሲሸጥ ማንም ምልክት አልለጠፈበትም። ባዶውን ጀሪካን አጥበን ዘይትም ጋዝም ይዘንበታል። ይህን የምጽፈው ጸሐፊው እንዳልደበቅኩ እንዲያውቁልኝ ነው። ግን አንድ ቤት የነሰነሰው ጭብጥ ዱቄትና አንድ መጋዘን ለዓመታት ያፈሰሰው በርሜል እንዴት በአንድ ሚዛን ይቀመጣል? ደግሞ ቀድሞ የተጋለጠ ሰው ለተጨማሪው የበለጠ መጠንቀቅ አለበት እንጂ «ለምደኸዋል» አይባልም።

ወደ ማስረጃው ልምጣ፤ ጸሐፊውም እኔም የምንፋጠጠው እዚህ ነው። «አንድም የሐኪም ወረቀት የለም» ይላሉ። የሐኪም ወረቀት የሚመስል አለ፤ ሕመሙን ከመጋዘኑ ጋር የሚያስተሳስር ግን የለም፤ ይህንንም አልክድም። የዕድሩ መዝገብ በእኔ እጅ ነው። ማን መቼ እንደሞተ፣ ድንኳን መቼ እንደተተከለ፣ ስንት ብር እንደተከፈለ ይናገራል፤ በምን እንደሞተ ግን አይናገርም። ስብሰባ ላይ አንድ ጎረቤታችን በሰፈሩ የሞተውን ሁሉ በመጋዘኑ ሲያስቆጥር ተነሥቼ ተቃውሜዋለሁ። አንዳንዱ በስኳር፣ አንዳንዱ በመኪና፣ አንዳንዱ በዕድሜ ነው የሄደው። መዝገቡን የምይዘው ለሙታን ነው፤ ለክርክር ብዬ አላጣምምባቸውም።

ግን ጸሐፊው ማስረጃ የሚፈልጉት የት ነው? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው የያዙት። እንጀራ ጋጋሪዋን «የበርሜሉን ቁጥር አምጪ» ይሏታል። እኔ ግን የግምጃ ቤት ሰው ነበርኩ። ወደ አንድ መጋዘን ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19 ይቆረጣል፤ ሲወጣ ሞዴል 22። በመሀል ቢን ካርድ አለ፤ የገባ፣ የወጣ፣ የቀረ ተብሎ ይሞላል። በዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ ይደረጋል፤ ጎደሎ ካለ ግምጃ ቤቱ ይጠየቃል። እኔ አንድ ደርዘን አካፋ ጎድሎብኝ ሦስት ወር ተመላልሻለሁ። እንግዲህ ያ መጋዘን መጀመሪያ የመንግሥት ድርጅት ነበር፣ ኋላ ወደ ሌላ እጅ ተላልፏል። ሲተላለፍ ርክክብ ተደርጓል። የገባው መርዝ ተደምሮ፣ የተሠራጨው ተቀንሶ፣ ወደ ውጭ የተላከው ተቀንሶ የሚቀረው ልዩነት ወይ እዚያው አለ ወይ መሬት ውስጥ ገብቷል። ይህ የሒሳብ ጥያቄ ነው፤ ወረቀቱ ያለውም በባለመጋዘኑ እጅ ነው። አራት ጊዜ በጽሑፍ ጠይቀን «ሰነዱ ሊገኝ አልቻለም» የሚል የቃል መልስ ነው የተሰጠን። በጽሑፍ አይሉትም።

ጸሐፊው ሕግ ስለጠቀሱ እኔም ልጥቀስ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2069 መርዛማ ነገር በማከማቸት በሌላው ላይ ያልተለመደ አደጋ የፈጠረ ሰው፣ አደጋው ደርሶ ጉዳት ካስከተለ ተጠያቂ ነው ይላል። ቸልተኛ ነበርክ ወይ ብሎ አይጠይቅም። አደጋውን የፈጠረው መንግሥት ቢሆንም እንኳ አንቀጹ ያገለግላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ በካዩ እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲሸፍን ያስገድዳል፤ አንቀጽ 11 ደግሞ ማንም ሰው፣ የግል ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አቤት እንዲል ይፈቅዳል። በ30 ቀን ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ላይ ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብት ነው ካለ 30 ዓመት ሆነው።

«የአቃቂ ወንዝ ክስ ተሸንፏል፣ ይኼም ይሸነፋል» የሚለው ግን አንባቢን ያሳስታል። ያን ክስ የመሠረተው የሰብዓዊ መብት ማኅበር የከሰሰው ተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት ነበር እንጂ ፋብሪካዎቹን አልነበረም። የእኛ አቤቱታ የቀረበው ዕቃውን ባከማቸውና በተረከበው ላይ ነው።

የምፈራው ሌላ ነው። ከውል ውጭ ለሚደርስ ጉዳት የካሳ ክስ ማቅረቢያው ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143። ቀስ ብሎ ለሚገድል መርዝ 2 ዓመት ከየት ተነሥቶ ይቆጠራል? የፈረንሳይ ግዛት በሆኑት ማርቲኒክና ጓዴሎፕ ክሎርዴኮን የተባለ የሙዝ ተባይ መርዝ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1993 ሲረጭ ኖሮ ዛሬ ከአዋቂው ነዋሪ ከ90 በመቶ በላይ በሆነው ደም ውስጥ ይገኛል። ነዋሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2006 አቤት አሉ። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 የፓሪስ ዳኞች መዝገቡን ያለ ክስ ዘጉት፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ይህን ያህል ዘመን ያለፈበትን ነገር ማስረዳት አስቸጋሪ መሆኑ ነው። እዚያ መርዙ መኖሩን የካደ የለም። የመሸው በነዋሪው ላይ ነው። ጸሐፊው «ለምን ተጣደፉ» ሲሉ ይህን አስበውት ይሆን?

«ልማቱ ይፈታዋል» የሚለውን ለመጨረሻ ያቆየሁት ከሁሉ ስላስደነገጠኝ ነው። ሰፈራችን ሊነሣ ተለክቷል፤ ግድግዳችን ላይ ቁጥር ተጽፎበታል። ልማቱን አልቃወምም፤ ጣሪያችን ያፈሳል፣ ለሃያ ሰው አንድ መጸዳጃ ነው ያለን። ነገር ግን ኤክስካቫተር መርዝ አያጸዳም፤ ይገለብጠዋል። ሦስት ሜትር የተቆፈረ አፈር በሲኖትራክ ተጭኖ ይሄዳል። ወዴት? ሙሌት ተብሎ ለሌላ ሰፈር፣ ምናልባትም ለትምህርት ቤት ግቢ መደልደያ። አቧራውን የሚስበው ኮንጎ ጫማ ያጠለቀ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ጓንት አልተሰጠውም፣ ምን እንደሚቆፍርም አልተነገረውም። አፈሩ በመርዝ የተበከለ ሆኖ ከተገኘ ተራ አፈር መሆኑ ይቀርና በአዋጅ ቁጥር 1090/2010 የሚገዛ አደገኛ ቆሻሻ ይሆናል፤ ለማጓጓዝም ለማስወገድም ፈቃድ ይጠይቃል። ይህ የሚታወቀው ግን ቀድሞ ከተመረመረ ብቻ ነው። ሕንፃው ከቆመ በኋላ ማን አፍርሶ ይመረምራል?

ሌላም አለ። ሰፈሩ ሲነሣ ሰዉ በየአቅጣጫው ይበተናል፤ አንዱ ወደ የካ አባዶ፣ አንዱ ወደ ቂሊንጦ፣ አንዱ ወደ ልጁ ቤት። ዕድራችንም አብሮ ይፈርሳል። በርሜሉ ሲፈስ ያዩት ሽማግሌ፣ ጎርፉ የት የት እንደሚገባ የምታውቀው እንጀራ ጋጋሪ፣ ኳስ ሊያመጡ አጥር የዘለሉት ልጆች፣ እነዚህ ናቸው ምስክሮቹ። አሁን አንድ ግቢ ውስጥ በአንድ ጥሪ ይሰበሰባሉ። ከስድስት ወር በኋላ አድራሻቸውን እኔም አላውቀውም።

ካሳውን በተመለከተ። አዎ፣ ካሳ የሚፈልግ አለ፤ ቢፈልግም ነውር የለበትም። ልጇን ስታሳክም የከረመች እናት ያወጣችውን መጠየቋ ስስት አይባልም። ግን አቤቱታችንን ጸሐፊው አንብበውት ቢሆን ኖሮ ተራውን ያዩት ነበር። አንደኛ፣ ሰነዱ ይቅረብ። ሁለተኛ፣ አፈሩ፣ የቧንቧ ውኃውና የዶሮዎቹ እንቁላል ገለልተኛ በሆነ ላቦራቶሪ ይመርመር፤ ናሙናው ሲወሰድም እኛ እንገኝ። ሦስተኛ፣ ውጤቱ እስኪታወቅ የመጋዘኑ ግቢ አይቆፈር። አራተኛ፣ ብክለት ከተገኘ በካዩ ያጽዳ። ካሳ የሚለው ቃል በአምስተኛው ላይ ነው ያለው፣ እሱም «በሕግ አግባብ» ከሚል ጋር። ጽሑፉ ከአምስተኛው ጀምሮ አራቱን ረሳቸው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው፤ ባለመጋዘኑን አንድ ጥያቄ ሳይጠይቁ ስምንት አንቀጽ ሙሉ እኛን መረመሩን።

ጸሐፊው «ከኋላቸው ማን አለ?» ብለውም ጠይቀዋል። ከኋላችን የዕድሩ ሳጥን አለ። ለፎቶኮፒና ለታክሲ ያወጣሁት ደረሰኝ ተያይዟል፤ የመጣ ሰው ያየዋል።

አቤቱታችን ለመሥሪያ ቤቱ ገቢ ሆኖ ቁጥር ከተሰጠው ዛሬ 19ኛ ቀኑ ነው። ከሕጉ 30 ቀን የሚቀረው 11 ነው። ኤክስካቫተሩ ከትናንት ወዲያ ማታ መጥቶ የመጋዘኑ በር ላይ ቆሟል፤ ሹፌሩን ስጠይቀው ቀኑ ገና አልተነገረኝም አለኝ።